ሐኪም አልጋ ያዘዘበት ዘመን

ወገቡ ወይም ጉልበቱ ዓመት ከዓመት የሚያመው ሰው መጀመሪያ የሚያጣው እንጀራውን አይደለም። ሥራ ግዴታ ነውና እያነከሰም፣ ማስታገሻ እየዋጠም ይሄዳል። ለቅሶም አይቀርም። ቀድሞ የሚቀረው የሚወደው ነገር ነው፤ የማለዳ ሩጫው፣ የቅዳሜ ኳሱ፣ የእንጦጦ ዳገቱ፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚያጠምድበት እሑድ፣ ጎንበስ ብሎ የሚኮተኩተው የጓሮ አትክልት። ይህን እንዲያደርግ ያስገደደው አልነበረም፤ ሲተወውም ለምን ተውህ የሚለው የለም። እንዲያውም ወዳጅ ዘመድ “ይቅርብህ፣ ዕረፍ እንጂ” ይለዋል፤ ሐኪሙም “ለጊዜው አቁም” ብሎ ይሸኘዋል። ለጊዜው የተባለው ዓመት ይሞላዋል፤ ጫማው ከአልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል፤ ሰውየውም ሯጭ ነበርኩ ማለት ይጀምራል። ምክሩ ከጥንት የወረደ፣ ማንም የማይጠራጠረው እውነት ይመስላል። ሆኖም የተወለደበት ዘመን፣ ያሳደጉት ሰዎችና የተረታበት ማስረጃ ያለው የሕክምና ልማድ ነው። እዚህ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከሚወዱት ሜዳ ያራቃቸው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን፣ ለሌላ ዓይነት በሽታ በትክክል የተበጀ የዕረፍት ሕክምና ያለ ቦታው በእነሱ ላይ መዋሉ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የልማዱን ምንጭ ለማግኘት ወደ ለንደን መሄድ ያስፈልጋል። በጋይስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም የነበሩት ጆን ሒልተን ከ1860 እስከ 1862 ባሉት ዓመታት ስለ ዕረፍትና ስለ ሕመም ተከታታይ ትምህርት ሰጡ፤ ትምህርቱም በ1863 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። የሒልተን ሐሳብ ለመረዳት ቀላል፣ ለመቃወም ግን ከባድ ነበር። ሕመም ተፈጥሮ የምትልከው መልእክት ነው፤ መልእክቱም የተጎዳው አካል ይረፍ የሚል ነው፤ የሐኪም ድርሻ ደግሞ ተፈጥሮ ራሷን እንድትጠግን እንቅስቃሴን መከልከል ነው። ሒልተን ይህን ሲሉ ሞኝ አልነበሩም። ያኔ ራጅ አልነበረም፤ ራጅ የመጣው በ1895 ነው። መግል የሚያደርቅ መድኃኒትም ገና ሰማንያ ዓመት ይቀረው ነበር። ወደ እሳቸው የሚመጡት አብዛኞቹ ዳሌያቸውን ወይም አከርካሪያቸውን የአጥንት ቲቢ የበላቸው ሕፃናት፣ መገጣጠሚያቸው መግል የቋጠረ ሠራተኞች ነበሩ። እንዲህ ያለው መገጣጠሚያ ሲነቃነቅ ይብሳል፤ ጸጥ ሲል አንዳንዴ ይድናል። ዕረፍት ያኔ ነፍስ አድኗል፤ ይህን የሚክድ ሰው የዘመኑን በሽታ ያላወቀ ነው።

ሐሳቡን ከመጽሐፍ ወደ ብረት የለወጡት የሊቨርፑሉ ሂዩ ኦወን ቶማስ ናቸው። ቶማስ ከዌልስ አንግልሲ ደሴት የመጣ የወጌሾች ዘር ነበሩ፤ አባታቸው ኢቫን ቶማስ በሊቨርፑል ስመ ጥር ወጌሻ ነበር። ልጁ ግን የሕክምና ትምህርት ተምሮ ከአባቱ መንገድ ወጣ። ወጌሻው ያነቃንቅ ነበር፤ ሐኪሙ ልጅ አሰረ። ቶማስ ዕረፍት የሚሉት የተገደደ፣ ያልተቋረጠና ረዥም መሆን አለበት ብለው አስተማሩ፤ ለዚህም ዛሬም ስማቸውን የያዘውን የብረት መደገፊያ ሠሩ። መደገፊያው ብሽሽት ላይ የሚያርፍ በቆዳ የተለበጠ ቀለበት አለው፤ ከቀለበቱ ሁለት ቀጭን ብረቶች በእግሩ ግራና ቀኝ ወርደው ከእግር በታች ይገናኛሉ፤ እግሩ በመካከላቸው ተዘርግቶ ይታሰራል። ወደብ ላይ ሸክም የሚያራግፉ ድሆችን እሑድ እሑድ በነጻ ያክሙ ነበር። በሚስታቸው በኩል ዘመዳቸው የሆነው ሮበርት ጆንስ መደገፊያውን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ግንባር ሲወስደው፣ ጭኑ በጥይት የተሰበረ ወታደር በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ በእጅጉ ጨመረ። ልማድ ሥር የሚሰደው እንዲህ ነው። አንድ ቦታ ላይ በደም የተመሰከረለት ሐሳብ ሌላ ቦታ ሲገባ መታወቂያ የሚጠይቀው የለም።

ግን ገና ከመነሻው አንድ ምስክር ተነሥቶ ነበር። ከዘመኑ ታላላቅ ቀዶ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ጄምስ ፓጄት በ1867 ወጌሾች ስለሚያድኗቸው ሕመምተኞች ለሐኪሞች ንግግር አደረጉ። ንግግሩ በብሪታንያ ሐኪሞች መጽሔት ታተመ። ያሉት ነገር ዛሬ ሲነበብም ድፍረቱ ያስደንቃል። ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ለወራት ይታሰራል፤ እብጠቱ ጠፍቶ፣ ቁስሉ ሽሮ፣ መገጣጠሚያው ግን ደርቆ ይቀራል፤ ሲነካው ያመዋል፣ ስለሚያመው አያነቃንቀውም፣ ስለማያነቃንቀው ይበልጥ ይደርቃል። ወጌሻው ጋ ሲሄድ ወጌሻው አጥንት ወልቋል ብሎ ይጠመዝዘዋል፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሰውየው ተነሥቶ ይራመዳል። የወለቀ አጥንት አልነበረም። በዕረፍት ብዛት የተጣበቀው ሥጋ ተላቀቀ እንጂ። ፓጄት የሙያ ባልደረቦቻቸውን ከዚህ ተማሩ አሏቸው፤ ወጌሻ የሚያደርሰውን ጉዳትም አልሸሸጉም። ከአራት ዓመት በኋላ ዋርተን ሁድ የተባሉ ሐኪም ሪቻርድ ሐተን ከተባለ የለንደን ወጌሻ የተማሩትን ጥበብ በ1871 አሳተሙ። ሐኪምና ወጌሻ እንደ ባላንጣ በሚተያዩበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የእኛ አገር አንባቢ እዚህ ላይ ቢቆጣ አልፈርድበትም። ጠብቆ በታሰረ ቀርከሃ ደም ተቋርጦባቸው እግራቸው እስከ መቆረጥ የደረሱ ልጆችን ሆስፒታሎቻችን ያውቋቸዋል። ወጌሻን ማወደስ አይደለም የያዝኩት። እንዲያውም ያ ጉዳት የእኔን ነገር ያጠናክራል፤ የጎዳቸው መነቅነቁ ሳይሆን መታሰሩ ነውና። የፓጄት ምስክርነት ዋጋው፣ በሰው አካል ላይ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች እንዳሉ ቀድሞ ማሳየቱ ነው። አንደኛው ጉዳት እየደረሰ መሆኑን የሚናገር ሕመም ነው። ሌላው ጉዳቱ ካለፈ በኋላ የሚቀር፣ መተኛት የሚቀልበው ሕመም ነው። የኋለኛው ዘመን ሕክምና ሥር ለሰደደ ሕመም ስም ለመስጠት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወይም የሚመላለስ ሕመም በራሱ እንደ በሽታ የተመዘገበው ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ላይ ነው።

ዕረፍት ከመገጣጠሚያ ወጥቶ ወደ ሰው ሁለመና የተዛመተው በአሜሪካ ነው። የፊላደልፊያው የነርቭ ሐኪም ሳይላስ ዌይር ሚቸል በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ነርቫቸው በጥይት የተጎዳ ወታደሮችን አክመዋል፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ እጅን እንደ እሳት የሚያቃጥለውን ሕመም እንደ እሳቸው አድርጎ የገለጸ ከእሳቸው በፊት አልነበረም። ያን ሁሉ ያዩ ሰው በ1877 ባሳተሙት መጽሐፍ ግን የዕረፍት ሕክምናን ለዓለም አስተዋወቁ። ሕመምተኛዋ (አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት) ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አልጋ ላይ ትውላለች፤ ወተት በብዛት ትጠጣለች፣ ትታሻለች፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንድትቀመጥ፣ እንድትሰፋ፣ እንድታነብ፣ እንድትጽፍ አይፈቀድላትም። ደራሲዋ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን በ1887 በዚህ ሕክምና አልፋ ልታብድ ደረሰች፤ በ1892 ያሳተመችው ስመ ጥር አጭር ልብ ወለድ የተወለደው ከዚያ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሚቸል ለወንዶች ያዘዙት ነው። ነርቫቸው ዛለ የተባሉ ወንዶችን አልጋ ላይ አላስተኟቸውም፤ ወደ ምዕራብ ላኳቸው። ፈረስ ይጋልቡ፣ ያድኑ፣ ሜዳ ላይ ይደሩ አሏቸው። ጸሐፊው ኦወን ዊስተር በ1885 ወደ ዋዮሚንግ የሄደው፣ ሠዓሊው ቶማስ ኢኪንስ በ1887 በዳኮታ የከብት እርባታ ላይ የሰነበተው በዚህ ምክር ነው። ሁለቱም ጠንክረው ተመለሱ። እንግዲህ አንድ ሐኪም፣ በአንድ ዘመን፣ ለተመሳሳይ ድካም ለአንዱ ጾታ ግድግዳ፣ ለሌላው ሰማይ አዘዘ። ይህ ከምርመራ የወጣ ውሳኔ ሊሆን አይችልም፤ ሴት ሜዳ ላይ ምን ትሠራለች ከሚል የኅብረተሰብ ልማድ የወጣ ነው። የሚወዱት የውጭ ሕይወት መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ሕክምናው ያኔም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ለማን እንደሚገባው ሲወስን ነው የተሳሳተው።

በሃያኛው መቶ ዘመን ተራው የወገብ ሆነ። በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ከአከርካሪ አጥንቶች መካከል ሾልኮ የወጣ ዲስክ ነርቭን ተጭኖ እግር ድረስ የሚወርድ ሕመም እንደሚያመጣ አሳዩ። ግኝቱ ትክክል ነበር፤ ውጤቱ ግን ወገቡን የሚያመው ሁሉ የተሰበረ ነገር እንደተሸከመ ተደርጎ መታየቱ ሆነ። ሳምንታት የሚፈጅ አልጋ፣ እግር ላይ የሚንጠለጠል ክብደት፣ ከፍራሽ ሥር የሚገባ ጣውላ የዘወትር ትእዛዝ ሆኑ። ጣውላው እኛም ዘንድ በደንብ ይታወቃል፤ “መሬት ላይ ተኛ” ያልተባለ የወገብ ሕመምተኛ ማግኘት ያስቸግራል። በ2003 ስፔን ውስጥ 313 የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ጠንካራና መካከለኛ ፍራሽ ላይ ሲተኙ፣ የተሻላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ናቸው።

ሕክምናው በአልጋ ላይ የነበረውን እምነት መጀመሪያ የነቀነቀው ጦርነት ነው። ከናዚ ጀርመን ሸሽተው በ1939 እንግሊዝ የገቡት የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በየካቲት 1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ህብለ ሰረሰራቸው ለተጎዳ ወታደሮች የተከፈተውን ክፍል ተረከቡ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ሰው በጀሶ ታሽጎ አልጋ ላይ ይተኛ ነበር፤ የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እስኪገድሉት ድረስ። ጉትማን ጀሶውን አስወለቁ፤ ነርሶች ሕመምተኛውን ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እንዲያገላብጡ አዘዙ፤ ቀጥሎም ሜዳ አወጧቸው። ከስፖርቶቹ ሁሉ ቀስት ውርወራን የመረጡት ለውበቱ አልነበረም። ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው ዊልቸር ላይ ሳይደገፍ ቀጥ ብሎ መቀመጥን እንደገና መማር አለበት። ቀስት ሲለጥጥ አንድ ክንድ ወደ ፊት ይገፋል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ገላው እንዳይወድቅ የጀርባና የትከሻ ጡንቻዎች ሚዛን ይጠብቃሉ። ፍላጻው ከዒላማው ሲደርስ ደግሞ ወርዋሪው በእግሩ ይቁም በዊልቸር ይቀመጥ ነጥቡ ያው ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 ሰዎች በሆስፒታሉ ሣር ላይ ተወዳደሩ፤ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ።

ውድድሩ አድጎ ሮም የደረሰው በ1960 ነው። አበበ ቢቂላ መስከረም 10 ሌሊት በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ 400 ገደማ ስፖርተኞች በዊልቸር ወደዚያችው ከተማ ለጨዋታ ገቡ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው እሱ ነው። ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት ግን በሌላ ቦታ ነው። በመጋቢት 1969 አበበ በመኪና አደጋ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ወደ ስቶክ ማንደቪል ተወሰደ፤ ለስምንት ወራት ያህል ታከመ። እጆቹ ተመለሱ፣ እግሮቹ አልተመለሱም። በ1970 በዚያው ስፍራ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በተንሸራታች የሚደረግ ውድድር አሸነፈ። ሽባነትና የቆየ ሕመም አንድ አይደሉም የሚል አንባቢ ትክክል ነው። ነገር ግን ህብለ ሰረሰራቸው ከተጎዳ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት የማይለቅ ሕመም አለባቸው፤ የስቶክ ማንደቪል ሕመምተኞች ቀስታቸውን የለጠጡት ሕመሙ እስኪለቃቸው ጠብቀው አልነበረም። ከዚያ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው፦ አካል እስኪድን ሕይወት ታግዶ አይቆይም።

ጉትማን ሕመምተኞቻቸውን ሜዳ በሚያወጡበት ሰሞን፣ በታኅሣሥ 1947፣ ሪቻርድ አሸር የተባሉ የለንደን ሐኪም የአልጋን አደጋ የሚዘረዝር አጭር ጽሑፍ በብሪታንያ ሐኪሞች መጽሔት አወጡ። ደም ይረጋል፣ ቆዳ ይቆስላል፣ አጥንት ካልሲየሙን ያጣል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ አንጀት ይታሰራል፣ በመጨረሻ መነሣት የሚባለው ፍላጎት ራሱ ይጠፋል። አሸር ያሉት ለማንኛውም ሐኪም ዓይን የሚታይ ነገር ነበር፤ በቁጥር የተለካው ግን በኋላ ነው። በ1966 በዳላስ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሡ አካላቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙን ከአራት እጅ አንዱን በላይ አጥቶ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች ሲለኩ፣ የሠላሳ ዓመት እርጅና ያሳጣቸው አቅም ሦስት ሳምንት አልጋ ካሳጣቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወገቡን ላመመው ሯጭ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ ይሏል። ዕረፍ ተብሎ ወር ተኝቶ ሲነሣ መሮጥ የሚያቅተው በሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሹም ጡንቻውም ከድተውታል። እሱ ግን ሁሉንም በሕመሙ ላይ ይጽፈዋል፤ ያመመኝ ባሰብኝ ብሎ ተመልሶ ይተኛል።

ይህን ቀለበት በማስተዋል የሰበሩት ሰዎች በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተሰባሰቡ። የሰመመን ሐኪሙ ጆን ቦኒካ ከጣሊያን ፊሊኩዲ ደሴት በልጅነት ወደ ኒውዮርክ የመጡ ስደተኛ ነበሩ፤ የሕክምና ትምህርታቸውን የከፈሉት ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው በሙያ ደረጃ ትግል እየገጠሙ ነው። ትግሉ ትምህርቱንም ሰጣቸው፣ ዕድሜ ልክ የማይለቅ የዳሌና የትከሻ ሕመምም አወረሳቸው፤ ደጋግመው በቀዶ ሕክምና አለፉ። በጦርነቱ ጊዜ በወታደር ሆስፒታል የቆሰሉትን ሲያክሙ፣ ጉዳታቸው ድኖ ሕመማቸው ያልዳነ ሰዎች አንድ ሐኪም ብቻውን የማይፈታው ነገር እንደያዛቸው ገባቸው። በ1953 ስለ ሕመም ሕክምና ግዙፍ መጽሐፍ አወጡ፤ የልዩ ልዩ ሙያ ሰዎች አንድ ሕመምተኛን አብረው የሚያዩበትን ክሊኒክ መሠረቱ፤ በ1973 ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እንዲቋቋም መሩ። እስከ እርጅና ድረስ በየቀኑ ረዥም ሰዓት ይሠሩ የነበሩት ሕመሙን ችለው ነው።

አሠራሩን የለወጡት ግን የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊልበርት ፎርዳይስ ናቸው። ፎርዳይስ ያስተዋሉት እጅግ ቀላል ነገር ነበር። ሕመምተኛ እስኪያመው ይራመዳል፤ ሲያመው ያርፋል፤ ዕረፍቱ ደስ ይለዋል። ስለዚህ በየቀኑ ሳያውቀው አንድ ነገር ይማራል፤ ሕመም ሲመጣ ዕረፍት ይሸለማል። ፎርዳይስ ሽልማቱን አዞሩት። መጀመሪያ ሰውየው ሕመሙ እስኪያቆመው ድረስ ምን ያህል እንደሚራመድ ለጥቂት ቀናት ይለካል። ከዚያ የቀኑ ድርሻ ከዚያ አማካይ ዝቅ ብሎ ይወሰናል። ድርሻውን በመልካሙ ቀንም በመጥፎው ቀንም ይራመዳል፤ በመልካሙ ቀን አይጨምርም፣ በመጥፎው ቀን አይቀንስም። ዕረፍቱ የሚመጣው ሲያመው ሳይሆን ድርሻውን ሲጨርስ ነው። ድርሻው በጥቂት በጥቂቱ ያድጋል፤ በወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ ሁሉ ተዘርዝሯል። እግር ኳስ ወይም ዳገት የሚወድ ሰው ከዚህ አሠራር ውስጥ የሚያገኘው ትልቁ ነገር በእኔ እምነት “አይ” እና “እንደ ድሮው” በሚሉት ሁለት ጫፎች መካከል መንገድ መኖሩ ነው። ደህና በሆነ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሮጦ ሳምንት የሚተኛው ሰው የሚታመመው በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ስለሚወናጨፍ ነው።

በሙከራ የተደገፈው ፍርድ ዘግይቶ መጣ። በ1986 በቴክሳስ ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቻቸው ወገባቸውን ያመማቸው 203 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ለአንዱ ወገን ሁለት ቀን፣ ለሌላው ሰባት ቀን አልጋ አዘዙ። ሁለት ቀን የታዘዘላቸው ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት በ45 በመቶ አነሱ፤ በሌላው ሁሉ ከሰባት ቀኖቹ ምንም አልጎደለባቸውም። በ1995 በሄልሲንኪ 186 የከተማው ሠራተኞች ሦስት ቦታ ተከፈሉ፤ ለአንዱ ሁለት ቀን አልጋ፣ ለአንዱ የወገብ እንቅስቃሴ፣ ለሦስተኛው ደግሞ በሚችለው መጠን የዘወትር ኑሮውን እንዲቀጥል ታዘዘ። ቶሎ ያገገሙት ኑሯቸውን የቀጠሉት ናቸው። አልጋ የያዙት ከሁሉ ዘገዩ። ሁለቱም ሙከራዎች የተካሄዱት በአብዛኛው በአዲስ ሕመም ላይ ነው፤ ዕረፍት ይጠቅማል ተብሎ በሚታመንበት በዚያው ጊዜ ላይ ማለት ነው። እዚያ ካልጠቀመ፣ ከዓመታት በኋላ ሊጠቅም ይችላል የሚለው ክርክር የሚያርፍበት መሬት አላገኘም።

ይህን ታሪክ ወስዶ በሌላ በኩል መበደልም ይቻላል፤ ተበድሏልም። ተቃዋሚዎቹን በቅን ልቡና መስማት ይገባል። የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሕመምተኞች የመጣ ነው፦ “ተንቀሳቀስ” የሚለው ምክር “ሰነፍ ነህ” ከሚለው ስድብ ስንት እርምጃ ይርቃል? በከባድ ሥር የሰደደ ድካም የሚሠቃዩ ሰዎች ለዓመታት ጥረታቸውን በዕቅድ እንዲጨምሩ ሲታዘዙ ብዙዎቹ እንደባሰባቸው ተናገሩ፤ ሰሚ ግን አጡ። በ2021 የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በዚህ በሽታ ላይ ያን ሕክምና አትስጡ ብሎ ወሰነ። ይህ ለእኔ ነገር ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ መልሱም ማፈግፈግ የለበትም። ሒልተን ለቲቢ የሠሩትን ለወገብ መስጠት ስህተት እንደነበረ ሁሉ፣ ለወገብ የተሠራውን ለሌላ በሽታ መስጠትም ያው ስህተት ነው። አዲስ የመጣ ሕመም ከትኩሳት፣ ከክብደት መቀነስ፣ ከሽንት መቋረጥ ወይም ከእግር መድከም ጋር ሲሆን የሚያስፈልገው ሐኪም ነው እንጂ ሜዳ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእኛው ቀዬ ይነሣል፤ እኔን ከሁሉም የበለጠ የሚከብደኝም እሱ ነው። ከእንጦጦ ከራሷ ክብደት ጋር የሚቀራረብ የእንጨት ሸክም አዝላ የምትወርድ ሴት አልጋ የሚያዝላት ሐኪም አግኝታ አታውቅም። ወገቧ ያማል፣ ግን ትንቀሳቀሳለች፤ ይህ እንቅስቃሴ አላዳናትም። ታዲያ እንቅስቃሴ መድኃኒት ነው የሚባለው ለማን ነው? በእርግጥም የዕረፍት ሕክምና ታሪክ የባለጊዜዎች ታሪክ ነው፤ የሚቸል ደንበኞች ስድስት ሳምንት ወተት የሚያቀርብላቸው አገልጋይ የነበራቸው ናቸው። ለሸክም ሴቷ የጎደላት ዕረፍት ነው፤ ያውም የሚገባት ዕረፍት። ነገር ግን የእሷ ሁኔታ ሐሳቡን አያፈርስም፣ ይበልጥ ያጠራዋል። በፎርዳይስ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀትና በእሷ ጀርባ ላይ ያለው ሸክም የሚለያዩት በእንቅስቃሴ አይደለም፤ መጠኑን የሚወስነው ማን እንደሆነ ነው። ድርሻውን ራሱ የሚቆርጥ፣ ሲጨርስ ማረፍ የሚችል፣ የሚሄደውም ወደሚወደው ቦታ የሆነ ሰው ብቻ ነው ከእግሩ መድኃኒት የሚያገኝ። ስለዚህ ለጫና የሚዳረግን ወገብ ለማዳን ሜዳ ማዘዝ ሳይሆን ሸክሙን ማቅለል ይቀድማል፤ ያንን የሚያዝዘው ደግሞ ሐኪም ብቻውን አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የውጤቱ ማነስ ነው። ይህንም መደበቅ አያስፈልግም። በ2021 የወጣ ግምገማ 249 ሙከራዎችን ሰብስቦ፣ የአካል እንቅስቃሴ ሥር በሰደደ የወገብ ሕመም ላይ ሕክምና ካለማግኘት፣ ከተለመደ ክብካቤ ወይም ከማስመሰያ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ሕመምን ከመቶ 15 ነጥብ ያህል እንደሚቀንስ ገመተ። 15 ነጥብ ታምር አይደለም። ዳገት ወጥቶ ሕመሙን ከላይ ጥሎ የሚመለስ የለም። ቁጥሩ ግን የሚለካው ሕመምን ነው፤ ሰውየው ሜዳውን ማግኘት አለማግኘቱን አይደለም። ሕመሙ በ15 ነጥብ ቀንሶ ዓሣ ማጥመድ የጀመረና ያው ሕመም በዚያው መጠን ቀንሶ ቤቱ የተቀመጠ ሁለት ሰዎች በዚህ መለኪያ እኩል ናቸው። አንድ ነጥብ ሳይቀንስለት ወደ ጓሮው የተመለሰ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ጭራሽ አልታከመም ተብሎ ይቆጠራል።

ይህን ጉድለት ያዩት ካናዳውያን ፊዚዮቴራፒስቶች ናቸው። ፖል ስትራትፎርድና ባልደረቦቻቸው በ1995 አንድ አጭር ቅጽ አወጡ። ቅጹ የት ያምሃል አይልም። በሕመምህ ምክንያት ማድረግ ያቃተህን ወይም የከበደህን፣ ለአንተ ግን ትልቅ ነገር የሆነውን እስከ አምስት ድረስ ንገረኝ ይላል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ከዜሮ እስከ አሥር ያስመዝናል፤ ዜሮ ፈጽሞ አልችልም፣ አሥር እንደ ቀድሞዬ እችላለሁ ነው። ከሳምንታት በኋላ ያው ዝርዝር ተመልሶ ይጠየቃል፤ ሕክምናው የሚመዘነው በእሱ ነው። ሒልተን መጽሐፋቸውን ካሳተሙ ከ132 ዓመት በኋላ የማለዳ ሩጫና የጓሮ አትክልት በሕመምተኛ ካርድ ላይ የሚጻፉበት መስመር አገኙ። ቅጹ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ገንዘብ አያስወጣም፤ ለመሙላት ደቂቃዎች ይበቁታል። ሰልፍ በተጨናነቀበት፣ ሐኪም በቀን ብዙ ሰው በሚያይበት የእኛ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ እንኳ ሊጠየቅ የሚችል ጥያቄ ነው። ሰልፉ ላይ ያለው ሕመምተኛም ተራው እስኪደርስ ዝርዝሩን በልቡ ይዞ ሊገባና፣ ሐኪሙ ባይጠይቀውም፣ የት እንደሚያመው ከመናገሩ በፊት ምን እንደቀረበት ሊነግረው ይችላል።